ፊደልና ስደት፦ የኢራቃዊው ሠዓሊ ራፊዕ አን-ናሲሪ ሕይወትና ሥራ

መግቢያ

የኢራቅን የጥበብ ታሪክ በምናስተምርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የምንቆመው በ1258 ነው። ስለ ኩፋ አጻጻፍ፣ ስለ ሳመራእ ሚናራ፣ ስለ ባግዳድ መጽሐፍ ገልባጮች እንናገራለን፤ ሞንጎሎች የዐባሲያንን መዲና ካጠፉ በኋላ ግን ትረካችን ይቋረጣል። ተማሪውም ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ባዶ አድርጎ ይገምታል። በተለይ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች ከምዕራቡ ዓለም ቀድተው ከመሥራት ያለፈ ታሪክ የሌላቸው፣ መስጊድና መድረሳ ካቆዩት ዕውቀትም ጋር የማይገናኙ ሰዎች ተደርገው ይታለፋሉ።

ይህ ጽሑፍ የአንድ እንዲህ ያለ ሠዓሊ ታሪክ ያነሳል። ራፊዕ አን-ናሲሪ በ1940 በተክሪት ተወለደ፤ በ2013 በአማን፣ ከአገሩ ውጭ፣ አረፈ። ዓሊም አልነበረም፤ ሙስሐፍም በመገልበጥ አልታወቀም። ሥራው ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም የሰውን፣ የእንስሳን ወይም የቤትን መልክ የማያሳይ፣ በቀለም፣ በመስመርና በምልክት ብቻ የሚናገር ሥዕል ነበር። የእርሱን ሕይወት በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ ልንጽፍ የወደድንበት ምክንያት አንድ ነው። አገር ሲፈርስ፣ ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል፣ ሙዚየም ሲዘረፍ ምን ይተርፋል የሚለው ጥያቄ የዑለማእም የመምህራንም ጥያቄ ነው። የአን-ናሲሪ ሥራ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ የጥንቱ የባግዳድ ወራቅ ከሰጠው መልስ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል ብለን እናምናለን።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሂጅራ ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወራቆች ከተማ

ኸሊፋ አል-መንሱር ባግዳድን የቆረቆሩት በ762 ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የወረቀት ሥራ ወደ ከተማዋ ገባ። ወረቀት ቻይናውያን የፈለሰፉት ነው፤ ሙስሊሞች አሠራሩን በሰመርቀንድ በኩል ተቀብለው በባግዳድ አስፋፉት። ከብራና የሚረክስ፣ ከፓፒረስ የሚበረታ መጻፊያ በመገኘቱ አዲስ ሙያ ተወለደ። ወራቅ የሚባለው ሰው ወረቀት ይሸጣል፣ መጽሐፍ ይገለብጣል፣ ይጠርዛል፣ ይሸጣል። የ9ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ አል-የዕቁቢ በዘመኑ በባግዳድ በአንድ ሰፈር ብቻ ከመቶ በላይ የወራቅ ሱቆች እንደነበሩ መዝግቧል።

ከወራቆቹ አንዱ ኢብኑ አን-ነዲም በ377 ሂጅሪያ (987) በእጁ የገቡትንና የሰማቸውን መጻሕፍት ስም የያዘ «አል-ፊህሪስት» የተባለ ዝርዝር አዘጋጀ። ዛሬ ያን ዝርዝር የሚያነብ ሰው አንድ ከባድ ነገር ይገነዘባል፤ በውስጡ ከተጠቀሱት መጻሕፍት አብዛኞቹ የሉም። ከጠፉት ውስጥ ብዙዎቹን የምናውቃቸው በስም ብቻ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ የነበረው መጽሐፍ ያ ቅጂ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ በየከተማው የተበተነ መጽሐፍ ግን ከአንድ ከተማ ጥፋት ይተርፋል።

የዐረብኛ ፊደል ጥበብ፣ ማለትም ኸጥ፣ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ለሦስት የዐባሲያ ኸሊፋዎች ሚኒስትር የነበረው ኢብኑ ሙቅላ ፊደላትን በነጥብና በአሊፍ ቁመት ለክቶ ሥርዓት አበጀላቸው። በፖለቲካ ሽኩቻ ቀኝ እጁ ተቆረጠ፤ በ328 ሂጅሪያ (940) በእስር ቤት ሞተ። የእርሱ መሆኑ በእርግጠኝነት የተረጋገጠ የእጅ ጽሑፍ አልደረሰንም፤ ሥርዓቱ ግን ከተማሪ ወደ ተማሪ ተላልፎ ኢብኑል በዋብ ዘንድ ደረሰ። ኢብኑል በዋብ በ391 ሂጅሪያ በባግዳድ የጻፈው ሙስሐፍ ዛሬ በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ይገኛል። የመጨረሻው የዐባሲያ ዘመን ታላቅ ጸሐፊ ያቁት አል-ሙስተዕሲሚም ሞንጎሎች ከተማዋን ሲያጠፉ ወደ አንድ ሚናራ ወጥቶ መጻፉን እንዳላቋረጠ ይተረካል። ትረካው በዝርዝሩ እውነት ይሁንም አይሁን፣ ኋለኞቹ ጸሐፊዎች ስለ ሙያቸው ምን ያስቡ እንደነበር ያሳያል። ከተማዋ ወደቀች፤ ፊደሉ ግን በያቁት ተማሪዎች እጅ ወደ ሌሎች ከተሞች ተሻገረ።

ከተክሪት ወደ ቤጂንግ

አን-ናሲሪ የተወለደባት ተክሪት ከባግዳድ በስተ ሰሜን በጤግሮስ ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ ሰላሑዲን አል-አዩቢ የተወለዱባት ጥንታዊት ከተማ ናት። በ1956 ወደ ባግዳድ ሄዶ በሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት ገባ። የኢንስቲትዩቱን የሥዕል ክፍል ያቋቋመው ፋኢቅ ሐሰን ነበር፤ የቅርጻ ቅርጹን ክፍል ደግሞ ጀዋድ ሰሊም ይመራው ነበር። ጀዋድ ሰሊም ከሻኪር ሐሰን ኣል ሰዒድ ጋር በ1951 «የባግዳድ የዘመናዊ ጥበብ ቡድን» የተባለውን ማኅበር መሥርቷል። ቡድኑ አርአያ አድርጎ የመረጠው በ634 ሂጅሪያ (1237) የአል-ሐሪሪን «መቃማት» በሥዕል ያስጌጠውን የሕያ አል-ዋሲጢን ነበር። እንግዲህ ወጣቱ አን-ናሲሪ ከመጀመሪያው የተማረው አዲሱ የኢራቅ ጥበብ ከሞንጎሎች በፊት ከነበረው ጋር መቀጠል አለበት የሚለውን ነው።

በጁላይ 1958 የኢራቅ ዘውዳዊ አገዛዝ ወደቀ። አዲሱ ሪፐብሊክ ከቻይና ጋር ግንኙነት ሲመሠርት ለኢራቃውያን ተማሪዎች የምሥራቁ በር ተከፈተ። አን-ናሲሪ በ1959 ወደ ቤጂንግ ተጉዞ በማዕከላዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ እስከ 1963 የሕትመት ሥዕል ተማረ። በዚያ ዘመን ከባግዳድ የሚወጣ የሥዕል ተማሪ በተለምዶ ወደ ለንደን፣ ፓሪስ ወይም ሮም ነበር የሚሄደው። የእርሱ መንገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሆነ። ከአሥራ ሁለት ክፍለ ዘመን በፊት የወረቀት ሥራ ከቻይና ወደ ባግዳድ የመጣበትን አቅጣጫ ተከትሎ፣ ወረቀትና ቀለም ወደ ተወለዱበት አገር ሄደ ማለት ይቻላል።

በዚያ የተማረው በእንጨት ላይ ቀርጾ ማተምን ነበር። የቻይና የእንጨት ሕትመት ጥንታዊ ነው፤ በ1930ዎቹ ደግሞ ደራሲው ሉ ሹን ሕዝብን ለመቀስቀስ እንደ አዲስ እንዲነቃ አድርጎት ነበር። በአካዳሚው የሚወደደው ሥዕል የገበሬውንና የሠራተኛውን ሕይወት የሚያሳይ ነበርና የአን-ናሲሪም የተማሪነት ሥራዎች ሰዎችን የሚያሳዩ ናቸው። ረቂቁን ሥዕል ከቤጂንግ አላገኘውም፤ ያገኘው የእጅ ሙያንና ለወረቀት ያለውን አክብሮት ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2012፣ የዚያን ዘመን ትዝታ «ጉዞዬ ወደ ቻይና» በሚል ርእስ በዐረብኛ መጽሐፍ አሳትሟል።

ሊዝበንና የፊደሉ መምጣት

ከ1964 ጀምሮ በተማረበት የባግዳድ ኢንስቲትዩት መምህር ሆነ። በ1967 ግን የጉልቤንኪያን ፋውንዴሽን የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጥቶት ወደ ፖርቱጋል መዲና ወደ ሊዝበን ሄደ። የፋውንዴሽኑ ሀብት ከኢራቅ ጋር የተያያዘ ነው፤ ባለሀብቱ ካሉስት ጉልቤንኪያን ከኢራቅ የነዳጅ ኩባንያ አምስት በመቶ ድርሻ ነበረው። ፋውንዴሽኑም በ1962 በባግዳድ የተከፈተውን የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አሠርቷል፤ ለወጣት ሠዓሊዎችም ወጪ ሸፍኗል። አን-ናሲሪ በሊዝበን እስከ 1969 በመዳብ ላይ መቅረጽን አጠና፤ ሥዕሉም ከሰው መልክ ወደ ረቂቅነት ተሻገረ። የዐረብኛ ፊደል በሥራው ውስጥ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ከአገሩ ርቆ፣ ሌላ ፊደል በሚነበብበት ከተማ ውስጥ ሆኖ የራሱን ፊደል እንደ ሥዕል አየው።

ፊደልን ወደ ዘመናዊ ሥዕል በማስገባት ግን የመጀመሪያው አልነበረም፤ ቀዳሚዋ ሴት ናት። በ1908 በሐለብ ተወልዳ ኢራቃዊት የሆነችው መዲሓ ዑመር በ1949 በዋሽንግተን ከተማ በዐረብኛ ፊደላት ላይ የተመሠረቱ ረቂቅ ሥዕሎችን አሳይታለች። እርሷም ይህን የሠራችው ከአገሯ ውጭ ሳለች ነበር። ፊደሉ ወደ ሸራ የመጣበት መንገድ በተደጋጋሚ በባዕድ አገር በኩል ማለፉን ልብ ማለት ይገባል።

አን-ናሲሪ ወደ ባግዳድ ሲመለስ የዐረቡ ዓለም በጁን 1967 ጦርነት ሽንፈት ተሰብሮ ነበር። በ1969 ከዲያእ አል-ዐዛዊ፣ ከኢስማዒል ፈታሕ፣ ከሙሐመድ ሙህረዲን፣ ከሃሺም ሰመርጂና ከሷሊሕ አል-ጁመይዒ ጋር ሆኖ ስለ አዲስ እይታ የሚናገር መግለጫ ፈረመ። የመግለጫው መንፈስ ሠዓሊው ቅርሱን እንደ ሐውልት ቆሞ ከማድነቅ ይልቅ ከዘመኑ ጥያቄ ጋር ሊያጋፍጠው ይገባል የሚል ነበር። በ1971 ደግሞ ሻኪር ሐሰን ኣል ሰዒድ «አንድ ልኬት» በሚል ስም ፊደልን መነሻ ያደረጉ ሠዓሊዎችን በባግዳድ ዐውደ ርእይ ሰበሰበ። መዲሓ ዑመርም አን-ናሲሪም ከተካፋዮቹ ነበሩ።

የሁለቱን ሰዎች መንገድ መለየት ለአስተማሪ ይጠቅማል። ሻኪር ሐሰን ከተሰውፍ ሐሳቦች ተነሥቶ ፊደሉን ወደ ዘላለማዊው የሚያደርስ የማሰላሰያ መንገድ አድርጎ ተረዳው፤ በ1966 ያወጣውም መግለጫ «የማሰላሰል መግለጫ» ይባል ነበር። ለአን-ናሲሪ ግን ፊደሉ በመጀመሪያ ቅርጽ ነው። የነፋስ ምልክት፣ የግድግዳ ላይ ፍቀት፣ የአንድ ሥልጣኔ የእጅ አሻራ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል «ኢስላማዊ ጥበብ» ብሎ መጠቅለል የአንዱን እምነት ለሌላው መስጠት ይሆናል።

ሥዕሉ እንዴት ይሠራል?

ብዙዎቻችን የሕትመት ሥዕል ሲባል በፋብሪካ የታተመ ፎቶግራፍ እናስባለንና ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። በእንጨት ሥራ ሠዓሊው ጣውላውን በመሮ ይቀርጻል፤ የተጎደጎደው ክፍል ነጭ ይቀራል፤ ከፍ ያለው ክፍል ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። በመዳብ ሥራ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የመዳቡ ሰሌዳ አሲድ በማያልፈው ሽፋን ይሸፈናል፤ ሠዓሊው ሽፋኑን በመርፌ ይጭረዋል፤ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ የተጫረው ቦታ ብቻ ይበላል። ከዚያ ቀለሙ በተበላው መስመር ውስጥ ይሞላል፤ የላይኛው ገጽ ይወለወላል፤ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በከባድ መጫኛ ሥር ያልፋል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ነገር ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ መውጣቱ ነው። ፊደል መቅረጽ የሚሻ ሰው በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ መቅረጽ አለበት። ልጆችን በሉህ ላይ አሊፍና ባእ ያስጻፈ መምህር ይህ ለዓይንና ለእጅ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ይረዳል፤ ከሕፃንነት ጀምሮ የለመዱትን ፊደል እንደማያውቁት ሆኖ እንደገና ማየትን ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂዎች መውጣታቸው ነው። ሠዓሊው እያንዳንዱን ቅጂ ቁጥር ሰጥቶ ይፈርምበታል። ከቅጂዎቹ ውስጥ «ዋናው» የሚባል የለም፤ ሁሉም ዋና ናቸው።

አን-ናሲሪ በሸራም በአክሪሊክ ቀለም ብዙ ሠርቷል። በብዙ ሥዕሎቹ ውስጥ ተመልካቹን የሚቀበለው አድማስ ነው፤ ሥዕሉ በአግድም መስመር ይከፈላል፤ ከላይ ሰፊና ጸጥ ያለ የቀለም ሰማይ፣ ከታች የጠነከረ ምድር። በሁለቱ መካከል የፊደል ቁራጭ፣ የብዕር ጭረት፣ ነጥብ፣ ያረጀ ግድግዳ ላይ እንደቀረ ያለ ፍቀት ይገኛል። ፊደሉ በአብዛኛው ሙሉ ቃል ሆኖ አይነበብም። አንባቢው የዋው ጅራት ወይም የኑን ጎድጓዳ ያያል፤ ቃሉ ግን አይደርሰውም።

ስለ ሥዕል ያለው ጥያቄ

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ጥያቄ ማንሳታቸው አይቀርም። ነፍስ ያለውን ነገር በሥዕል መቅረጽን የሚያወግዙ ሐዲሶች የታወቁ ናቸው፤ ዑለማእም በስፋትና በጥበት ተርጉመዋቸዋል። በሰሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው፣ የታላቁ የበስራ ዓሊም የሐሰን አል-በስሪ ወንድም ሰዒድ ኢብኑ አቢል ሐሰን፣ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ዘንድ ተቀምጠው ሳለ መተዳደሪያው ሥዕል የሆነ አንድ ሰው መጣ። ኢብኑ ዐባስ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ማስጠንቀቂያ ነገሩት፤ ሰውየው ክፉኛ ደነገጠ። ያን ጊዜ ሥራውን የማይተው ከሆነ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል መከሩት።

ይህን ዘገባ የምናነሳው ፈትዋ ለመስጠት አይደለም። በመጀመሪያ፣ በጥያቄው ፊት የነበሩት ሰሐባ የሰውየውን መተዳደሪያ ከግምት ማስገባታቸውን ለማስታወስ ነው፤ በር ሲዘጉ ሌላ በር አሳይተዋል። ከዚህ ቀጥሎ ደግሞ የተሳሳተ መደምደሚያን ለመከላከል ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች የሙስሊም ሠዓሊዎችን ረቂቅ ሥዕል ሁሉ የዚህ ክልከላ ውጤት አድርገው ያቀርባሉ። የአን-ናሲሪ ሕይወት ይህን አይደግፍም። በቤጂንግ ሰዎችን ሥሏል፤ ወደ ረቂቅነት የሄደው በሊዝበን የሕትመት ቤት፣ በዘመኑ የዓለም ጥበብ ተጽዕኖ ውስጥ ሆኖ ነው። ያም ሆኖ ረቂቁ ሥዕል ወደ ባግዳድ ሲገባ ባዕድ ሆኖ አልቀረም። መልክ የሌለው፣ በመስመርና በልኬት ብቻ የሚቆም ውበት በኸጥና በመስጊድ ግድግዳ ጌጥ ለሺህ ዓመት የሠለጠነ ዓይን ጠበቀው። የሃይማኖት ክልከላ ሠዓሊውን ወደ ረቂቅነት አልገፋውም፤ የሙስሊሞች የጥበብ ቅርስ ግን ረቂቁን ሥዕል ለማንበብ ቋንቋ ሰጥቷል ማለት ለእውነቱ ይበልጥ የቀረበ ይመስለናል።

የፊደሉ ክብር ጉዳይም አለ። ያልተሟላ ፊደል በሥዕል ላይ መዋሉ ለቁርኣን ቃል የሚገባውን ክብር የሚነካ መስሎ የሚሰማቸው ወገኖች ይኖራሉ። ልዩነቱን ማስረዳት የአስተማሪ ድርሻ ነው። የአላህ ቃል የተጻፈበት ገጽ የራሱ አደብ አለው፤ የፊደል ቅርጽ ብቻውን ግን ለግጥም፣ ለሒሳብ መዝገብና ለገበያ ደብዳቤም ያገለገለ የሰዎች መሣሪያ ነው።

መምህሩና ስደቱ

በ1970ዎቹ የኢራቅ መንግሥት ነዳጅን በ1972 ከወረሰ በኋላ ለጥበብ ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ። በዚያው ዓመት የአል-ዋሲጢ ፌስቲቫል፣ በ1974 የመጀመሪያው የዐረብ ሁለት ዓመታዊ ዐውደ ርእይ በባግዳድ ተካሄዱ። ገንዘቡ ከመንግሥት እጅ ጋር አብሮ የሚመጣ ነበርና የሠዓሊው ነፃነት የተለካ ነበር። አን-ናሲሪ በ1974 በኢንስቲትዩቱ ውስጥ የሕትመት ሥዕል ክፍልን አቋቁሞ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል መራው። በ1980 የተጀመረው የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ስምንት ዓመት ሲዘልቅ ከተማሪዎች ብዙዎቹ ከሰሌዳው ፊት ወደ ጦር ግንባር ሄዱ።

በኦገስት 1990 ኢራቅ ኩዌትን ወረረች፤ በቀናት ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ተጣለ፤ በጃንዋሪ 1991 የአየር ድብደባው ተጀመረ። በዚያ ዓመት አን-ናሲሪ ከባለቤቱ ከገጣሚዋና ጸሐፊዋ መይ ሙዘፈር ጋር ወደ ዮርዳኖስ ተሻገረ። በኢርቢድ ከተማ በያርሙክ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ያዘ፤ በ1997 ደግሞ ወደ ባህሬን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ኋላም ወደ አማን ተመልሶ ኖረ። በባግዳድ የቀሩት ሠዓሊዎች ዕጣ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት በጁን 1993 በባግዳድ ቤቷ ላይ በወደቀ ሚሳይል የተገደለችውን የሥዕል ሙዚየም ዳይሬክተርና ሠዓሊ ለይላ አል-ዐጣርን ማስታወስ ይበቃል።

ስደተኛ ሠዓሊ ትልቅ ሸራ ተሸክሞ ድንበር አያልፍም። በማዕቀቡ ዘመን በኢራቃውያን ሠዓሊዎች ዘንድ «ደፍተር» የሚባለው ሥራ የተስፋፋው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ደፍተር የሠዓሊ መጽሐፍ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ሥዕል የሆነበት፣ ብዙ ጊዜም ከግጥም ጋር የተጣመረ፣ በእጅ የሚያዝና በሻንጣ የሚገባ። ዐረብኛው ደፍተርና የእኛው ደብተር ከአንድ የግሪክኛ ቃል የወጡ ናቸውና ነገሩ ለአንባቢያችን እንግዳ አይሆንም። አን-ናሲሪ በስደቱ ዘመን በዚህ መልክ ደጋግሞ ሠርቷል፤ ከጥንቶቹ የአል-ሙተነቢን፣ ከዘመኑ የባለቤቱን ግጥም ከሥዕሉ ጋር አዋሕዷል። ሠዓሊና ገጣሚ በአንድ ጥራዝ ሲገናኙ የወራቁ ሱቅ ተመልሶ የተከፈተ ያህል ነው።

ማስተማሩን እንደ ተራ መተዳደሪያ አድርገን ልናልፈው አይገባም። የኸጥ ሊቃውንት ሙያውን በኢጃዛ ያስተላልፋሉ፤ ተማሪው ከመምህሩ እጅ አይቶ፣ ደጋግሞ ጽፎ፣ ሲፈቀድለት ብቻ ስሙን ይፈርማል። የሕትመት ሥዕልም ከመጽሐፍ የሚገኝ ሙያ አይደለም። አሲዱ መዳቡን ስንት ደቂቃ ይብላው፣ ወረቀቱ ምን ያህል ይራስ የሚለው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ከቤጂንግና ከሊዝበን የተቀበለውን በባግዳድ፣ በኢርቢድና በባህሬን ያስተላለፈ ሰው የዚህ ሰንሰለት አንዱ ዘለበት ነው።

የኤፕሪል 2003 ጥፋት

በኤፕሪል 2003 የአሜሪካ ጦር ባግዳድ ሲገባ ከተማዋ ጠባቂ አጣች። የኢራቅ ሙዚየም ተዘረፈ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ተቃጠለ። ብዙ የእጅ ጽሑፎች የነበሩበት የአውቃፍ ቤተ መጻሕፍትም እሳት በላው። ስለ ጥንታዊ ቅርሶቹ ዓለም ሁሉ ጮኸ፤ በዘመናዊ ጥበብ ማዕከል ውስጥ ተከማችተው የነበሩትና ወደ 8,000 የሚገመቱት ሥዕሎችና ቅርጻ ቅርጾች መዘረፋቸው ግን ብዙ አልተነገረም። የፋኢቅ ሐሰን፣ የጀዋድ ሰሊምና የተማሪዎቻቸው የግማሽ ክፍለ ዘመን ሥራ በቀናት ውስጥ ተበተነ፤ የተመለሰው ጥቂት ነው። በማርች 2007 ደግሞ በአል-ሙተነቢ ጎዳና፣ የወራቆች ወራሽ በሆነው የመጽሐፍ ገበያ፣ ቦምብ የጫነ መኪና ፈንድቶ ሰዎችና መጻሕፍት አብረው ነደዱ።

አንድ ብቻ የሆነ የዘይት ቀለም ሥዕል ከግድግዳ ሲወርድ ምትክ የለውም። የአን-ናሲሪ ሕትመቶች ግን ያን ጊዜ በባግዳድ ብቻ አልነበሩም። ዛሬ ሥራዎቹን በአማን በዮርዳኖስ ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል፣ በዶሃ በዐረብ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ማየት ይቻላል። በ2013 በአማን የአምሳ ዓመት የሕትመት ሥራው በአንድ ዐውደ ርእይ ሊቀርብ የቻለው ቅጂ በየአገሩ ሊኖር የሚችል ጥበብ በመምረጡ ጭምር ነው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር አረፈ።

ይህን ስንል ኪሳራውን ለማቃለል አይደለም። ቅጂ ሥራውን ያተርፋል፤ ተመልካቹን ግን አያተርፍም። በአማንና በለንደን ያለውን ሥዕል የባግዳድ ተማሪ በቀላሉ አያየውም፤ በማዕቀብና በጦርነት ዘመን ያደገው ትውልድ የገዛ አገሩን ዘመናዊ ጥበብ በዓይኑ ሳያይ አድጓል። ኢብኑል በዋብ የጻፈው ሙስሐፍ በደብሊን መጠበቁ መልካም ነው፤ የተጻፈባት ከተማ ልጆች ግን ከእርሱ ርቀዋል።

ጥፋቱም በ2003 አላበቃም። አን-ናሲሪ ካረፈ ከስድስት ወር በኋላ፣ በጁን 2014፣ የትውልድ ከተማው ተክሪት በራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ በሚጠራው ቡድን እጅ ወደቀች። በሴፕቴምበር በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን የወደቁ አርባ ሙጃሂዶች እንዳረፉበት የሚነገርለት የአርበዒን መቃብርና መስጊድ በፈንጂ ፈረሰ። ይህን ያደረጉት ሰዎች በሃይማኖት ስም የሚናገሩ ነበሩ። የቅርስ ጠላት ሁልጊዜ ከውጭ እንደሚመጣ ለሚያስቡ ተማሪዎች ይህም ሊነገራቸው ይገባል።

ማጠቃለያ

ከአን-ናሲሪ ሕይወት ለትምህርት የሚሆን ምን እናገኛለን? እርሱን ወደ ዑለማእ ጎራ መጎተት አያስፈልግም፤ ከታሪካችን ውጭ አድርጎ ማለፍም ፍትሕ አይደለም። ከመስጊድ ውጭ፣ በዘመናዊ መሣሪያ፣ ለዘመናዊ ተመልካች የሠራ ሰው ነው። ነገር ግን የተጠቀመባቸው ነገሮች፣ ማለትም ወረቀት፣ ቀለም፣ ፊደል፣ ቅጂና ተማሪ፣ የባግዳድ ወራቅና ኸጣጥ የተጠቀመባቸው ናቸው።

ከዚህ የምንወስደው ተግባራዊ ምክር አለን። የኸጥን ታሪክ የሚያስተምር መምህር የኢብኑል በዋብን ገጽና የአን-ናሲሪን ሕትመት ጎን ለጎን ቢያሳይ፣ ተማሪው በሁለቱ መካከል ያለውን የአንድ ሺህ ዓመት ርቀትም ዝምድናም በአንድ ትምህርት ይረዳል። ኢማሙም ስለ ዕውቀት መጠበቅ በሚናገርበት ጊዜ ዑስማን (ረ.ዐ.) ሙስሐፉን አስገልብጠው ወደ ከተሞች መላካቸውን ሲያነሳ፣ የቅጂ ነገር የጥንት ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ሊያክል ይችላል። በየመስጊዱና በየቤቱ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ኪታብ ዛሬም አለ። ሳይገለበጥ ወይም ፎቶግራፍ ሳይነሣ በቆየ ቁጥር በ«አል-ፊህሪስት» ውስጥ በስም ብቻ ከቀሩት መጻሕፍት ጋር ለመቆጠር ይቃረባል። ገልባጩንም ተማሪውንም ማዘጋጀት የሚቻለው ቤቱ ከመቃጠሉ በፊት ነው።